የድሮ ቮልስ ፋን አፈታትና አተካከል

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አትጠጣም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ታስሮ በትልቅ የላሜራ ቤት ውስጥ የሚሽከረከረው ፋን ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲዞር ይህ ፋን በየሰከንዱ ከ500 ሊትር በላይ አየር በሲሊንደሮቹና በዘይት ማቀዝቀዣው ላይ ይነፋል። ሲጎዳ ግን የሚፈላ ውኃ፣ የሚወጣ እንፋሎት የለም። አብዛኞቹ ቮልሶች የሙቀት መለኪያ ስለሌላቸው ሞተሩ ድምፁን አጥፍቶ ይነድዳል።

ጎጃም ላይ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ የሕዳሴን ድልድይ ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን እስኪደረስ ያንኑ የሚያህል አቀበት ይጠብቃል፤ እሱም በቆላ ሙቀት፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ። ጤነኛ ቮልስ ይወጣዋል። ፋኑ የተሰነጠቀ ወይም ቤቱ በጭድ የታፈነ ቮልስ ግን ደጀን ላይ ሳይታወቅ የቆየው ሕመሙ እዚያ አቀበት ላይ ይወጣል።

ፋኑን መፍታትና መግጠም ቀኑን ሙሉ ይወስድ እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ሥራው የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ በፋኑና በጀርባ ክዳኑ መካከል መኖር ያለበት 2 ሚሊሜትር ክፍተት ሳይለካ ሲቀር፣ እና ቤቱ ተከፍቶ ሳለ ውስጡ ሳይጸዳ ሲዘጋ። ከታች እነዚህ ሁለቱ ላይ የምዘገየው ለዚህ ነው።

የምጽፈው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1970 ለተሠሩት፣ ባለ 1200፣ 1300 እና 1500 ሞተር ቮልሶች ነው። ከ1971 ጀምሮ የዘይት ማቀዝቀዣው ከዋናው ቤት ወጥቶ የራሱ ሳጥን ተሠራለት፤ ፋኑም በወርዱ ሰፋ። ስለዚህ የኋለኛው ፋን ለፊተኛው ቤት አይሆንም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ፋን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ወርዳቸውን አስተያዩ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ፋኑ ነው?

ከኋላ የሚመጣ ሁሉ ድምፅ የፋን አይደለም። የተሰነጠቀ ፋን የሚታወቀው ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ በሚፈጥን የመንቀጥቀጥ ወይም የመንኳኳት ድምፅ ነው። ፋኑ የጀርባ ክዳኑን እየነካ ከሆነ ደግሞ ብረት በብረት ሲፋቅ ይሰማል። ለመለየት ፋኑንና ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ (ቀበቶ) አውጡና (አወጣጡ ከታች ቁጥር 5 ላይ አለ) ሞተሩን ለአጭር ጊዜ፣ ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ፣ አስነሡት። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ፋኑ ወይም ዲናሞው ላይ ነው። ካልጠፋ ፋኑን አትንኩት፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ያለ ቺንጊያ ሞተሩ ምንም ማቀዝቀዣ ስለሌለው ሰዓቱን ጠብቁ።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ የዲናሞው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) አልቋል ማለት ነው። ይህን ሳትለውጡ አዲስ ፋን ብትገጥሙ ዘንጉ እየተወላገደ አዲሱንም ክዳኑ ላይ ያስፍቀዋል። ብዙ ጊዜ ሰው ፋን ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ከሳምንታት በኋላ ያው ድምፅ ሲመለስበት ሻጩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የኩሽኔታው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የ10፣ የ13፣ የ21፣ የ30 እና የ36 ቁልፍ፣ ትልቅና ትንሽ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ብሩሽ፣ ናፍጣ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ እና ክፍተቱን ለመለካት የ2 ሚሊሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ)። የ36 ቁልፍ ከሌላችሁ ቮልስ ሲሠራ የኖረ ጋራዥ ጠይቁ፤ የቮልስ የኋላ ጎማ ዘንግ ዳዶም (የቡሎን ማሰሪያው) 36 ስለሆነ እዚያ አይታጣም። አዲስ ቺንጊያም አብራችሁ ግዙ። አሮጌው ደህና ቢመስልም ይህን ሁሉ ፈትቶ አሮጌ ቺንጊያ መመለስ ቁጠባ አይደለም።

ሥራውን ሞተሩ በቀዘቀዘ ሰዓት ጀምሩ። ካርቡሬተር ስለሚወርድ ቤንዚን መፍሰሱ አይቀርም፤ ግቢ ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ ከሆነ ወይ ቡናው ይቅደም ወይ መኪናው ራቅ ይበል።

አፈታት

1. ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። የኔጋቲቩን ገመድ ንቀሉ። መቀመጫውን ስትመልሱ የመቀመጫው የብረት ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ ክዳኑን አልብሱት፤ በቮልስ ታሪክ ብዙ እሳት የተነሣው ከዚህ ነው።

2. የዲናሞውን ገመዶች ፍቱ። አሮጌዎቹ ላይ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ኃይል የሚመጥነው ዕቃ) እዚያው ዲናሞው ጀርባ ላይ ተጭኗል፤ በኋለኞቹ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የትኛው ገመድ ከየት እንደወጣ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ በስልክ ፎቶ ማንሣትም ይጠቅማል። ገመድ ተቀያይሮ መግባት ሬጉሌተር ያቃጥላል።

3. የአየር ፊልትሮውን አውርዱ። በዘይት የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ዘይቱ እንዳይደፋ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። የነዳጁን ሽቦ ከካርቡሬተሩ ፈትታችሁ በፋኑ ቤት ውስጥ ከሚያልፈው ቱቦ ወደ መኪናው ፊት በኩል ሳቡት። ይህ ሽቦ ሳይወጣ ቤቱ አይነሣም።

4. የቤንዚኑን ጎማ ንቀሉና ጫፉን ወዲያው በቡሎን ወይም በእርሳስ ድፈኑ። ታንከሩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ካልተደፈነ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል። ከዚያ የካርቡሬተሩን ሁለት የ13 ዳዶዎች ፍቱና አውርዱት። የተከፈተውን ቀዳዳ በትልቅ፣ ቀለሙ በሚታይ ጨርቅ ዝጉ። ትንሽ ጨርቅ ይረሳል፤ እዚያ ቀዳዳ የገባች አንዲት ሮንዴላ (ከዳዶ ሥር የምትገባ ቀለበት) ደግሞ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ራስ) ታስወርዳለች።

5. ቺንጊያውን ለማውጣት የዲናሞው ፑሌጃ ከሁለት ግማሾች የተሠራ መሆኑን እዩ። ወደ ዲናሞው ባለው ግማሽ ጠርዝ ላይ ጥርስ የምትመስል ክፍተት አለች። ካቻቢቴውን እዚያ አስገብታችሁ ከዲናሞው የላይኛ ቡሎን ጋር አስደግፉና የ21ን ዳዶ ፍቱ። በግማሾቹ መካከልና ከውጭ በኩል ያሉት ስስ ሮንዴላዎች አንድም እንዳይጠፋ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ።

6. የቦቢናውን፣ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ገመዶች ንቀሉ። ቦቢናው ራሱ ቤቱ ላይ እንደታሰረ ይውጣ።

7. ከሞተሩ በታች በቀኝ በኩል፣ ከአንደኛና ከሁለተኛ ሲሊንደር ሥር ቴርሞስታት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የፋኑን አየር የሚያግደው ዕቃ፣ አለ። ከእሱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ አለና ቴርሞስታቱን ፈትታችሁ ከዘንጉ አላቁት። ይህን ረስቶ ቤቱን በጉልበት የሚያነሣ ሰው ዘንጉን ያጎብጠዋል።

ስለ ቴርሞስታቱ አንድ ነገር ልበል። ብዙ መካኒክ «ለአገራችን ሙቀት አያስፈልግም» ብሎ ያወጣዋል። ስለ አባይ በረሃ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ፤ የእንጅባራን ወይም የደብረ ማርቆስን ጠዋት የሚያውቅ ግን ይህን አይልም። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ብርድ መንፋት ዘይቱ ሳይሞቅ ሲሊንደሩን ያስበላል። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ በራሱ የሚከፍት ዕቃ ነውና ከሠራ ተዉት።

8. በቤቱ ግራና ቀኝ ያሉትን የአየር ቱቦዎች ካሉ አውጡ። ቤቱን ከሲሊንደሮቹ የላሜራ ሽፋን ጋር የሚያያይዙትን የጎን ቡሎኖች ፍቱ። ዲናሞውን ማረፊያው ላይ ያሰረውን የብረት ቀበቶ በ13 ቁልፍ ፈትታችሁ አንሡት።

9. አሁን ቤቱን ከነዲናሞው ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡ። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ያልተፈታ ገመድ መኖሩን ያያል። ከውስጥ በግራ በኩል የዘይት ማቀዝቀዣው ሞተሩ ላይ ቆሞ ስለሚቀር ቤቱን ወደ ጎን አታወላግዱ፤ የማቀዝቀዣው ስስ ክንፎች በቀላሉ ይጣመማሉ።

ቤቱ አንድ ስንዝር ያህል ከተነሣ የጀርባ ክዳኑን የያዙት አራት የ10 ቡሎኖች ይደረሳሉ። ሁለቱ ላይኛዎቹ ቀላል ናቸው፤ ታችኛዎቹ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። እነሱ ሲፈቱ ዲናሞው፣ ክዳኑና ፋኑ አንድ ላይ ወደ እናንተ ተስበው ይወጣሉ። ሞተሩ ሳይወርድ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዳንድ መካኒክ ሞተሩን ማውረድ ይመርጣል፤ ቮልስ ሞተሩ በአራት ዋና ቡሎኖች ስለታሰረ እሱም ስንፍና አይደለም፣ በተለይ ፍሪሲዮኑም ሊታይ ከተፈለገ።

ጠረጴዛ ላይ

ዲናሞውን ሞርሳ ላይ በእንጨት አስደግፋችሁ እሰሩ። ብረቱን ባዶውን አታጥብቁ፤ የዲናሞ ቀፎ ከተጣመመ ሌላ ወጪ ነው። የፋኑ ዳዶ 36 ነው፣ አፈታቱም እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ነው። አብሮ እንዳይዞር ፑሌጃውን መልሳችሁ በአሮጌው ቺንጊያ ጠቅልላችሁ ያዙት። ዳዶው ከወጣ በኋላ የሚወጣውን በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ፦ ወፍራሙ ሮንዴላ፣ ፋኑ፣ ስስ ሮንዴላዎች፣ ፋኑ የሚቀመጥበት እምብርት፣ እና እምብርቱን ዘንጉ ላይ የምትቆልፈው ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት። ይህቺ ትንሽ ብረት መሬት ከወደቀች አትገኝም።

አሮጌውን ፋን በናፍጣ እጠቡና ፀሐይ ላይ አገላብጣችሁ እዩት። ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከመካከለኛው ቀዳዳ ዙሪያና ክንፎቹ ከሳህኑ ጋር ከተያያዙበት ነው። ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ ከሆነም ዋጋ የለውም። የተሰነጠቀ ፋን በብየዳ አታሠሩ። ፋኑ ከሞተሩ በእጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው የሚዞረው፤ በአንድ በኩል የተጨመረ ጥቂት ግራም ብረት በዚያ ፍጥነት ኩሽኔታውን ይበላል፣ ብየዳው ከለቀቀም የክንፉ ስብርባሪ ቤቱን ይቦድሰዋል። አገልግሎት ላይ የዋለ ፋን ስትገዙም ይህንኑ ምርመራ እዚያው ሱቁ በር ላይ አድርጉ፤ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ደግሞ በጥርጣሬ እዩት።

አዲሱን ስትገጥሙ በመጀመሪያ የጀርባ ክዳኑን አቀማመጥ አረጋግጡ። ክዳኑ ላይ ለዲናሞው አየር የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ መኪናው ላይ ሲገባ ወደ ታች መመልከት አለበት። ተገልብጦ ከገባ ዲናሞው ይሞቃል። ከዚያ ግማሽ ጨረቃዋን፣ እምብርቱን፣ ስስ ሮንዴላዎቹን፣ ፋኑን፣ ወፍራሙን ሮንዴላና ዳዶውን በተራ አስገቡ።

ዳዶውን ከ55 እስከ 65 ኒውተን ሜትር አጥብቁት። የኃይል መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ያህል መግፋት ማለት ነው፤ በቧንቧ አስረዝሞ በሙሉ ጉልበት መርገጥ ከዚህ እጅግ ያልፋል።

አሁን መለኪያው። ፋኑን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር እያዞራችሁ በፋኑና በክዳኑ መካከል የ2 ሚሊሜትሩን ፑንታ በአራት አቅጣጫ አስገቡ። ሳይጨነቅም ሳይላላም ካለፈ ልክ ነው። ጠባብ ከሆነ ፋኑን አውጡና በእምብርቱና በፋኑ መካከል አንድ ስስ ሮንዴላ ጨምሩ፤ ሰፊ ከሆነ ቀንሱ። የተቀነሰው ሮንዴላ አይጣልም፤ ከፋኑ ፊት ለፊት፣ ከወፍራሙ ሮንዴላ ሥር ይገባል። ክፍተቱ ከ1.5 ሚሊሜትር ካነሰ ፋኑ በሙቀትና በፍጥነት ክዳኑን ይነካል። ከሰፋ ደግሞ አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በመሄድ ፈንታ በክፍተቱ ይመለሳል፤ ይህ ድምፅ ስለማያሰማ ከመፋቁ ይልቅ እሱ ይከፋል። በአንዱ አቅጣጫ ጠባብ በሌላው ሰፊ ከሆነ ክዳኑ ወይም ፋኑ ተጣሟል፤ በሮንዴላ የሚስተካከል አይደለም።

ቤቱ ሳይዘጋ

ከኅዳር እስከ ጥር በየመንገዱ ዳር አውድማ አለ። ጤፍ ሲወቃ የሚነሣው እብቅ በኋላው ኮፈን ሽንቁሮች ገብቶ በቀጥታ ወደ ፋኑ ይሳባል። ላይ ላዩን ምንም አይታይም። ቤቱ ሲነሣ ግን የዘይት ማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ዘይት የነካው እብቅ እንደ ጭቃ ግድግዳ ጠጥሮ ይገኛል። የጎጃም ቮልስ ሲሞቅ ከፋኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ይህ ነው። አዲስ ፋን በዚህ ላይ ቢነፋ ምን ዋጋ አለው?

ማቀዝቀዣውን በናፍጣ አርሱት፣ ጥቂት ቆይታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጉት። ክንፎቹ መካከል ሽቦ ወይም ካቻቢቴ አታስገቡ። ከዚያ ጎሚስታ ጎረቤት ካላችሁ የአየሩን ቱቦ ተውሳችሁ ፋኑ ከሚነፋበት በተቃራኒው፣ ማለትም ከታች ወደ ላይ ንፉት። የአራቱንም ሲሊንደሮች ክንፎች እንዲሁ። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር፣ በግራ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ አልፎ የሞቀ አየር ስለሚደርሰው በቮልስ ላይ ቫልቭ ቀድሞ የሚቃጠለው እዚያ ነው። ማቀዝቀዣው ሥር ዘይት ካለ ጓርኒሲዮኖቹን (ዘይት እንዳይወጣ የሚደፍኑትን) አሁኑኑ ለውጡ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ለእነሱ ብሎ ቤቱን ዳግመኛ ማንሣት ግን ሌላ ቀን ይበላል።

በመጨረሻ በሞተሩ ዙሪያ ላሜራው ከመኪናው ቀፎ ጋር የሚገናኝበትን ጎማ እዩ። ይህ ጎማ ከሥር የሚወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ እንዳይሳብ የሚከላከል ነው። የደረቀና የተቆረሰ ከሆነ ፋኑ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይነፋል። የጎደለ የላሜራ ቁራጭ ካለም አስቆርጣችሁ ሙሉ።

መልሶ መግጠም

ከላይ የተፈታው በተገላቢጦሽ ነው፤ የማነሣው ሊዘነጋ የሚችለውን ብቻ ነው። አራቱን የ10 ቡሎኖች ቤቱ ገና ከፍ እንዳለ እሰሩ። ቤቱን ስታወርዱ የዘይት ማቀዝቀዣው ቦታው ላይ ገብቶ እንደሆነና የቤቱ የታች ጠርዞች የሲሊንደር ሽፋኖቹን አቅፈው እንደተቀመጡ በእጃችሁ ዳስሱ። የጎን ቡሎኖቹ በእጅ የማይገቡ ከሆነ ቤቱ አልተቀመጠም፤ በቁልፍ አታስገድዱት። የነዳጁን ሽቦ በቱቦው መልሱ፣ ጨርቁን ከቀዳዳው አውጡ፣ ካርቡሬተሩን በአዲስ ጓርኒሲዮን እሰሩ።

የቺንጊያው ጥብቀት የሚወሰነው በፑሌጃው ግማሾች መካከል ባሉት ስስ ሮንዴላዎች ብዛት ነው፦ ከመካከል ሲቀነስ ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። ከመካከል የወጡት ሁሉ ከውጭ፣ ከዳዶው ሥር ይቀመጣሉ፤ መንገድ ላይ ሲፈለጉ እዚያው ይገኙ ዘንድ። በሁለቱ ፑሌጃዎች መሐል በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 15 ሚሊሜትር መግባት አለበት። የላላ ቺንጊያ ይንሸራተታል፣ ከልክ በላይ የጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል።

ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት የታችኛውን ፑሌጃ በ30 ሚሊሜትር ዳዶው ሁለት ዙር በእጅ አዙሩት፤ ምንም መፋቅ መሰማት የለበትም። ከዚያ አስነሡት። የዲናሞው መብራት ዳሽቦርድ ላይ መጥፋት አለበት። ይህ መብራት በሌላ መኪና «ባትሪ አይሞላም» ብቻ ማለት ይሆናል፤ በቮልስ ግን ቺንጊያ ተበጥሶ ፋኑም ቆሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል እየነዳችሁ ከበራ ጋራዥ እስክትደርሱ ሳይሆን እዚያው ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ።

ለሙከራ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ንዱና ተመልሳችሁ ስሙ፣ አሽትቱ፣ ዘይት የሚፈስ እንደሆነ እዩ። አሁንም የሚሞቅ ከሆነ ወደ ፋኑ አትመለሱ፤ የማቀጣጠያውን ሰዓትና የቫልቩን ክፍተት አስለኩ።

አባይ በረሃን ስትወጡ ማርሹን ቀደም ብላችሁ ቀንሱ። ሞተሩ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ዙሩ ስለሚወርድ ፋኑም ይዘገያል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ዙሩ ከፍ ሲል ግን ነፋሱም ይጨምራል። ሞቀብን ብላችሁ ከቆማችሁና የሚረዳ ሰው ጀሪካን ውኃ ይዞ ከመጣ አመስግናችሁ ጠጡት እንጂ ሞተሩ ላይ እንዳይደፋ፤ የጋለ ሲሊንደርና ቴስታታ በቀዝቃዛ ውኃ ይሰነጠቃል።

አዲስ ቺንጊያ በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎሜትሮች ይለጠጣል። ከደብረ ማርቆስ ቡሬ ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በአውራ ጣት ደግማችሁ ተጫኑት፤ ከ15 ሚሊሜትር ካለፈ አንድ ሮንዴላ ከመካከል ወደ ውጭ አውጡ።